ቀባሪው ተደራጅቷል፤ ጧሪውስ?

በአገራችን አነጋገር «ጧሪ ቀባሪ» የሚሉት ሁለት ቃላት ተነጣጥለው አይሰሙም። ልጅ የሚመኝ ሰው ጧሪ ቀባሪ እንዲሰጠው ይመኛል፤ ልጆቹን በሞት ወይም በስደት ያጣም ሰው ጧሪ ቀባሪ የሌለው ተብሎ ይታዘንለታል። ነገር ግን ከቃላቱ አልፈን በኑሮ ውስጥ ያለውን ተጨባጭ ሁኔታ ስንመረምር፣ ሁለቱ ተግባራት በአንድ ደረጃ ላይ እንደማይገኙ እንረዳለን። የመቅበሩ ተግባር ከቤተሰብ ትከሻ ወርዶ የኅብረተሰቡ የጋራ ሥራ ከሆነ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዕድሩ ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበርና ድስት አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መዋጮውን በየወሩ ይሰበስባል፤ ከቀብር የቀረውን ይቀጣል። ሟቹ ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው፣ በደንቡ የተወሰነው ሁሉ ይፈጸምለታል። የመጦሩ ተግባር ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ በየቤቱ ተዘግቶበት፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ጉልበት ላይ ተጥሎ ይገኛል።

አርባ ዓመት ሙሉ መዋጮአቸውን ሳያቋርጡ የከፈሉ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተንሸራተው ጭናቸው ቢሰበር ዕድሩ ምን ያደርጋል? አባላቱ ሄደው ይጠይቋቸዋል፤ እግዚአብሔር ይማርዎ ይላሉ፤ ባዶ እጃቸውንም አይሄዱም። ከዚያ በኋላ ላሉት ወራትና ዓመታት ግን ማን ከአልጋ እንደሚያነሣቸው፣ ማን ገላቸውን እንደሚያጥባቸው፣ ሌሊት ማን ከጎናቸው እንደሚሆን በአብዛኛው ዕድር ደንብ ውስጥ አንድም አንቀጽ አይገኝም። ደንቡ እንደገና በሥራ ላይ የሚውለው እኚህ እናት ሲሞቱ ነው።

መጦሪያ ቤት የመግባት ጉዳይ በከተሞቻችን ውስጥ በሹክሹክታም ቢሆን መነሣት የጀመረው ከዚህ ክፍተት የተነሣ ነው። ሲነሣም ብዙውን ጊዜ ተዛብቶ ነው የሚነሣው። አንደኛው ወገን ነገሩ የባዕድ ልማድ ነው፤ ወላጁን ከቤት የሚያስወጣ ልጅ ምርቃት አያገኝም ብሎ ውይይቱን ገና ከመጀመሩ ይዘጋዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ዘመኑ ተለውጧልና ቤቱ ይሠራ፤ የሚችልም ከፍሎ ይግባ ይላል። የመጀመሪያው፣ ሥራውን ማን እንደሚሠራ አይጠይቅም። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ቤቱ የማን ንብረት እንደሚሆን አይጠይቅም። የሚገባውን ሰው ግን ሁለቱም አልጠየቁም።

ጥያቄው አዲስ የሆነው ለእኛ እንጂ ለዓለም አይደለም። ቀድመውን በዚህ መንገድ ከተጓዙት አገሮች መካከል እንግሊዝ በተለይ ልትጠና ይገባታል። ይህም አርአያ ስለሆነች ሳይሆን፣ ከ200 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቅጣት የሚመስለውን፣ የመንግሥቱንና የነጋዴውን መጦሪያ ቤት በየተራ ሞክራ ያየች አገር በመሆኗ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ድርጊቶች የተፈጸሙባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በ1834 የወጣው የእንግሊዝ የድሆች ሕግ ለሥራ የደረሰ ችግረኛ እርዳታ የሚያገኘው «የሥራ ቤት» ወደሚባል ግቢ ሲገባ ብቻ እንዲሆን ያለመ ነበር። መርሁ አይደበቅም፤ በግቢው ውስጥ ያለው ኑሮ ከግቢው ውጭ ካለው የመጨረሻ ድሃ ሠራተኛ ኑሮ የከፋ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሰው ሥራውን እየተወ ይገባል የሚል ነው። ባልና ሚስት ይለያያሉ፤ የራሳቸው ልብስ ተወስዶ የግቢው ልብስ ይሰጣቸዋል። ሕጉ ለሥራ የደረሰውን ጎልማሳ ለማስፈራራት ታስቦ የወጣ ይሁን እንጂ፣ ውሎ አድሮ ግቢውን የሞሉት ከሥራ የወደቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። በፋብሪካና በማዕድን ጉልበታቸውን የጨረሱ ሰዎች፣ ጉልበት ስለሌላቸው የሚቀጡበት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። የእንግሊዝ ሠራተኛ ለልጅ ልጆቹ ያወረሰው የመጦሪያ ቤት ፍርሃት ምንጩ ይህ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1948፣ የድሆች ሕግ በአዲስ ሕግ ተሻረ። ዕድሜ የተጫናቸውንና እንክብካቤ የሚያሻቸውን ሰዎች የማስጠለል ግዴታም በየአካባቢው ምክር ቤቶች ላይ ተጣለ። ሕጉን ለፓርላማ ያቀረበው የጤና ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን ነው። ቤቫን በልጅነቱ በደቡብ ዌልስ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የሠራ ሰው በመሆኑ ነገሩን ከመጽሐፍ አልተማረውም። ከእንግዲህ በቤቱ ኃላፊና በአረጋዊው መካከል የሚኖረው ግንኙነት የጌታና የተመጽዋች መሆኑ ቀርቶ፣ የሆቴል ሥራ አስኪያጅና የእንግዳ እንዲሆን ፈለገ። ቤቶቹ ከ25 እስከ 30 ሰው ብቻ የሚይዙ ትንንሾች እንዲሆኑ፣ አረጋዊውም ከሳምንታዊ ጡረታው 21 ሽልንግ ለቤቱ ከፍሎ 5 ሽልንግ ለኪሱ እንዲያስቀር ታቀደ። 5 ሽልንግ ትንሽ ገንዘብ ናት። ነገር ግን ከኪሱ አውጥቶ ትምባሆ የሚገዛና ለልጅ ልጁ ከረሜላ የሚሰጥ ሽማግሌ እንደ ተመጽዋች አይቆጠርም፤ የሕጉም ትርጉም እዚህ ላይ ነበር።

ሕግ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ ግንብና ልማድ ግን በአንድ ቀን አይለወጡም። ፒተር ታውንሰንድ የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝና በዌልስ 173 መጦሪያ ቤቶችን ተዘዋውሮ አየ፤ በአንዱም ውስጥ ለጥቂት ቀናት በረዳት ሠራተኛነት አገለገለ። በ1962 ያሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሕጉ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ ብዙ አረጋውያን የሚኖሩት ስማቸው ብቻ በተለወጠ የጥንቶቹ የሥራ ቤቶች ውስጥ ነበር። ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላው ግኝቱ ነው። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ የገቡት ሕመማቸው ስለጠና አልነበረም፤ የሚኖሩበት ቤት ስላልነበራቸው፣ ዘመድ ስለሌላቸው ወይም ገቢያቸው ስላልበቃ እንጂ። በሌላ አነጋገር፣ የቤት እጦትና የድህነት ችግር በእርጅና ስም ተጠርቶ ነበር ማለት ነው። መጦሪያ ቤት ይሠራ የሚል ሁሉ ይህን ግኝት ልብ ሊለው ይገባል። ጣሪያው ለሚያፈስስበት ሰው መፍትሔው ጣሪያውን መጠገን ነው እንጂ ሰውየውን ከሠፈሩ ማንሣት አይደለም።

ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ እንለፍ። በ1980 የተደረገው የደንብ ለውጥ፣ ችግረኛ አረጋዊ በግል መጦሪያ ቤት ቢገባ ክፍያውን የመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና ገንዘብ እንዲሸፍነው በሩን ከፈተ። በባሕር ዳርቻ ከተሞች እንግዳ የራቃቸው ሆቴሎችና የኪራይ አልጋ ቤቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ መጦሪያ ቤትነት ተለወጡ። በ1979 ለዚሁ ተግባር የወጣው 10 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲሆን፣ አሥርቱ ዓመታት ሲያበቁ ወጪው ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ አልፏል። መንግሥት ይህን ጎርፍ ለመገደብ ገንዘቡን ከ1993 ጀምሮ ለአካባቢ ምክር ቤቶች አስረከበ፤ ሆኖም ለሽግግሩ ከተሰጠው ልዩ ገንዘብ 85 በመቶው ከምክር ቤቶቹ ውጭ ካሉ ድርጅቶች አገልግሎት እንዲገዛበት አስገደደ። ገንዘቡ የሕዝብ ሆኖ ቀረ፤ ቤቱ ግን የነጋዴ ሆነ።

ነጋዴው መጀመሪያ ላይ ከሚስቱ ጋር አንድ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ነበር። በኋላ ግን ትልቁ ካፒታል መጣ። የሰዘርን ክሮስ ኩባንያ ታሪክ ለሠራተኛ አንባቢ በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል። ኩባንያው በ2004 ብላክስቶን በተባለው የአሜሪካ የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት እጅ ገባ፤ በ2006 አክሲዮኑ ለገበያ ቀረበ። የተከተለው ዘዴ ሕንፃውንና አገልግሎቱን መለያየት ነበር። ሕንፃዎቹ ለሌሎች ባለሀብቶች ተላለፉ፤ ኩባንያው ደግሞ የራሱ በነበሩት ወይም ሊሆኑ በሚችሉት ቤቶች ውስጥ ተከራይ ሆኖ ተቀመጠ። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ኩባንያውን ለማስፋፋትና ለባለአክሲዮኖች ጥቅም ሲውል፣ በየዓመቱ እየጨመረ እንዲሄድ በውል የታሰረው ኪራይ ግን ለቤቶቹ ቀረላቸው። ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ የአካባቢ ምክር ቤቶች ለአንድ አረጋዊ የሚከፍሉትን ሲቆጥቡ ኪራዩ አልቀነሰም። በ2011 ኩባንያው ፈረሰ። በጊዜው 750 ያህል ቤቶች፣ 31,000 ያህል አረጋውያንና ከ40,000 በላይ ሠራተኞች በእጁ ነበሩ።

እነዚያ 31,000 ሰዎች አውራ ጎዳና ላይ አልወደቁም፤ ቤቶቹ ለሌሎች አስተዳዳሪዎች ተከፋፍለው ተሰጡ። ነገር ግን በዚያ ክረምት አንዲት የ90 ዓመት አሮጊት አልጋቸው ላይ ተኝተው ሳለ፣ የተኙበት ክፍል በእርሳቸው ዕድሜና በእርሳቸው ሕመም ላይ በተሰላ የኪራይ ውል ውስጥ የገባ ዕቃ መሆኑን ከራዲዮ ሰሙ። እዚህ ላይ ጥፋቱ በአንድ መጥፎ ሥራ አስኪያጅ ሊላከክ አይችልም። በ2012 በሌላ ባለሀብት በ825 ሚሊዮን ፓውንድ የተገዛው ፎር ሲዝንስ የተባለው ኩባንያም በዕዳ ተጨንቆ በ2019 በዕዳ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። ሁለት ኩባንያዎች በስምንት ዓመት ውስጥ በአንድ ዓይነት መንገድ ሲወድቁ፣ ምክንያቱን ከግለሰቦች ጠባይ ሳይሆን ከንብረቱ አያያዝ መፈለግ ተገቢ ነው።

ክፍያውስ? በእንግሊዝ ዛሬም ከ23,250 ፓውንድ በላይ ጥሪት ያለው ሰው የመጦሪያ ቤቱን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ራሱ ይከፍላል። ይህ ወሰን ከ2010 ጀምሮ አልተነቃነቀም። የትዳር ጓደኛ ወይም ሌላ ሕጉ የሚጠብቀው ሰው በቤቱ ካልቀረ በስተቀር፣ የሰውየው መኖሪያ ቤት ራሱ እንደ ጥሪት ይቆጠራል። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ለቤቱ ዕዳ ሲከፍል የኖረ አውቶቡስ ነጂ፣ አእምሮው የመርሳት በሽታ ሲይዘው ቤቱ ተሽጦ ያልቃል፤ በካንሰር የታመመው ጎረቤቱ ግን በሕዝብ ሆስፒታል በነፃ ይታከማል። አንድ ሰው በዕድሜው የሚከፍለው ከ86,000 ፓውንድ እንዳይበልጥ ለማድረግ የታቀደው ሕግ በመጀመሪያ ለ2023 ተቀጠረ፤ ከዚያ ወደ 2025 ተላለፈ፤ በመጨረሻም በ2024 ተሰረዘ። በቀጠሮ የሚኖር ፖለቲካ በየትም አገር አንድ ነው።

የ2020 ወረርሽኝ ደግሞ የቤቶቹን ደረጃ በአደባባይ አወጣው። ሆስፒታሎች አልጋ እንዲለቅቁ ስለታዘዙ፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ባለው አንድ ወር ውስጥ 25,000 ያህል ሰዎች ከሆስፒታል ወደ መጦሪያ ቤቶች ተላኩ። ብዙዎቹ አልተመረመሩም ነበር። በ2022 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ምልክት የማያሳይ ሰው በሽታውን ሊያስተላልፍ እንደሚችል ግምት ውስጥ ሳይገባ የወጣው መመሪያ ሕገ ወጥ እንደነበር ፈረደ። ፍርዱ ሲሰጥ ከሳሾቹ አባቶቻቸውን ከቀበሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ለዚህ ሁሉ ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ? ጀርመን የተከተለችው መንገድ ለማነጻጸር ይረዳል። ጀርመኖች በ1995 የእንክብካቤ መድንን ከጤና፣ ከጡረታ፣ ከሥራ አደጋና ከሥራ አጥነት መድን ቀጥሎ አምስተኛው የማኅበራዊ ዋስትና ምሰሶ አድርገው አቋቋሙ። ሠራተኛውና አሠሪው መዋጮውን በእኩል ይከፍላሉ፤ ገንዘቡም ዕድሜ ሳይለይ እንክብካቤ ለሚያሻው ሁሉ፣ በቤቱ ቢሆን በመጦሪያ ቤት፣ ይደርሳል። ይህ መድን ሲቋቋም የተፈጸመ አንድ ነገር ለሠራተኛ አንባቢ የሚደንቅ ነው። አሠሪዎች የሚጨመርባቸው ወጪ እንዲካካስላቸው ስለጠየቁ አንድ የሕዝብ በዓል ተሰረዘ። በኅዳር ወር ረቡዕ ቀን ይከበር የነበረው የንስሐና የጸሎት ቀን ከሳክሶኒ ክፍለ ሀገር በስተቀር በመላ አገሪቱ የሥራ ቀን ሆነ፤ በዓሉን ባስቀረችው ሳክሶኒ ደግሞ ሠራተኛው ከእኩሌታው በላይ ይከፍላል። ስለዚህ የአሠሪው ድርሻ የተባለውም ቢሆን በመጨረሻ ከሠራተኛው አንድ የዕረፍት ቀን ተቆርጦ የተከፈለ ነው።

የጀርመኑም መድን ሙሉ አይደለም፤ ወጪውን በከፊል ብቻ ይሸፍናል። በ2025 አንድ አዲስ ገቢ ነዋሪ በወር ከኪሱ የሚከፍለው በአማካይ ወደ 3,000 ዩሮ ደርሶ ነበር፤ ጡረታው ያልበቃውም ወደ ድሆች እርዳታ ይሄዳል። ቢሆንም ከእንግሊዙ የሚለይበት ዋና ነጥብ አለ። በጀርመን የመጦር ወጪ ገና ሰው ሳይታመም ሁሉም እንደ ዕድር የሚያዋጡለት የጋራ ጉዳይ ተደርጎ ተቆጥሯል፤ በእንግሊዝ ግን በታመመው ሰው ቤት ላይ የሚያርፍ የግል ዕዳ ሆኖ ቀርቷል።

እስከ አሁን የተነጋገርነው ስለ ገንዘብና ስለ ንብረት ነው። ሰው ወደ መጦሪያ ቤት የሚገባው ግን በአክሲዮን ገበያ በኩል አይደለም። በሀብታሞቹም አገሮች ሆነ በእኛ፣ ነገሩ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ነው። አረጋዊው ይወድቃል፤ ሆስፒታል ይገባል፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ ብቻውን ሊኖር አይችልም ይላል፤ ሆስፒታሉ አልጋውን ይፈልገዋል። ልጆቹ ኮሪደር ላይ ቆመው በሦስት ቀን ውስጥ ይወስናሉ። ሰውየው ከቤቱ የወጣው ለሕክምና ነበር፤ ተመልሶ በሩን እንኳ ሳይዘጋ፣ የትኛው ወንበር እንደሚሄድና የትኛው ሥዕል እንደሚቀር ሳይናገር፣ ሌላ ሰው ልብሱን በሻንጣ አድርጎ ያመጣለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚነሣበትን ሰዓት፣ የሚበላውን፣ ገላውን የሚታጠብበትን ቀን የሚወስነው የሠራተኞች ተራ ነው። ታውንሰንድ በ173ቱ ቤቶች ውስጥ ያየው ትልቁ ጉዳትም ረኃብ ወይም ድብደባ አልነበረም። ሰዎቹ ሥራቸውን፣ ጎረቤታቸውን፣ የግል ማዕዘናቸውንና በራሳቸው ላይ የነበራቸውን ሥልጣን በአንድ ጊዜ ማጣታቸው ነበር።

በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ክፍለ ሀገር በሚገኝ መጦሪያ ቤት የተደረገና በ1976 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። ለአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች ስለ ክፍላቸው አደራደርና ስለ ጊዜያቸው ራሳቸው እንደሚወስኑ ተነገራቸው፤ ራሳቸው የሚያጠጡትም አትክልት ተሰጣቸው። ለሌላው ፎቅ ነዋሪዎች ግን ሁሉን ነገር ሠራተኞቹ እንደሚያደርጉላቸው በደግነት ተነገራቸው፤ አትክልቱንም ሠራተኛ ያጠጣላቸው ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ የነቁና ደስተኞች ሆነው ተገኙ። የተጠኑት ሰዎች ከመቶ ያነሱ ስለነበሩ ከዚህ ትልቅ ሕግ ማውጣት አይገባም። ነገር ግን ደግነት ብቻውን እንደማይበቃ፣ እንዲያውም ሰውን ሁሉን ነገር ነጥቆ የሚያገለግል ደግነት እንደሚያደክመው የሚያመለክት ነው። የእኛ ቤተሰቦችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። «እርስዎ ብቻ ይቀመጡ» እየተባሉ ቡና ማፍላት የተከለከሉ ስንት እናቶች አሉ!

ምርቃትን የሚያነሣው ወገን እዚህ ላይ መልስ ሊሰጠው ይገባል። ወላጅን የመጦር ባህላችን በእርግጥ የሚከበር ነው፤ ሕጉም ከዚሁ ጋር ይስማማል። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጆች ለወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ነገር ግን «እኛ ወላጅ እንጦራለን» የሚለው ወንድም ብዙውን ጊዜ የሚጦረው በእኅቱ ወይም በሚስቱ ጉልበት ነው። ከሥራዋ የቀረችው፣ ትምህርቷን ያቋረጠችው፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሣው እርሷ ናት፤ ምርቃቱን በአደባባይ የሚቀበለው ግን እርሱ ነው። ባህሉን ለመጠበቅ የሚከፈለው ዋጋ በእኩል እስካልተከፋፈለ ድረስ ክርክሩ ስለ ባህል ነው ማለት አይቻልም።

ቤት ውስጥ ይህን ሥራ የምትሠራው ሴት ደመወዝ የላትም፤ በመጦሪያ ቤት የምትሠራው ደግሞ ደመወዟ ከሁሉ ያነሰ ነው። እንግሊዝ የራሷ ዜጎች በዚያ ደመወዝ አንሠራም ስላሏት በ2022 ለውጭ አገር ተንከባካቢዎች ልዩ ቪዛ ከፈተች፤ ከናይጄሪያ፣ ከህንድና ከዚምባብዌ ብዙዎች ቤታቸውን ሸጠው ሄዱ። በሐምሌ 2025 ደግሞ ከውጭ አገር አዲስ ተንከባካቢ መቅጠሩን ዘጋችው። እኛም ከዚህ ሰንሰለት ውጭ አይደለንም። ወደ ቤሩት፣ ወደ ጅዳና ወደ ዱባይ የሄዱት ልጆቻችን በቤት ሠራተኛነት ከሚሠሩት ሥራ አንዱ የአሠሪዎቻቸውን አረጋውያን ወላጆች ማንሣት፣ ማጠብና ማጉረስ ነው። በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አንዳንድ አሠሪዎች እነዚሁኑ ሴቶች ከነሻንጣቸው ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። የአንድ አገር አረጋዊ የሚጦረው የሌላ አገር አረጋዊ ከሚጦርበት እጅ ተወስዶ ነው። ጅዳ ያለችው ልጅ የምትልከው ገንዘብ ለእናቷ መድኃኒት ይገዛል፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጣቸው ሰው ግን አይገዛላቸውም።

ወደ ራሳችን ከተሞች እንመለስ። ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ሕዝባችን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሆኖም የከተማው አኗኗር ከዕድሜው ስብጥር ቀድሞ ተለውጧል። በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ በሩን ጠዋት ያልከፈተ ሽማግሌ እስከ ረፋድ ይፈለግ ነበር። ዛሬ ከዚያ ግቢ የወጡ ብዙ አረጋውያን አሳንሰር በሌለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው የደከመም ለወራት መሬት አይረግጡም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከመሐል ከተማ የተነሡት ነዋሪዎች የተሻለ ግድግዳና ጣሪያ ያገኙ ብዙዎች ናቸው። ያ ጣሪያ ግን ጎረቤትን ይዞ አልሄደም፤ አሮጌው ዕድርም በየአቅጣጫው ተበትኗል። አንድ ሠፈር ሲነሣ ከካርታ ላይ የሚጠፋው ቤቱ ብቻ አይደለም፤ በነፃ ይሰጥ የነበረ፣ ማንም ቆጥሮት የማያውቅ የእንክብካቤ ሥራም አብሮ ይጠፋል።

መንግሥት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ተጥሎበታል። የጡረታ ሕጉም ከመንግሥት ሠራተኛ አልፎ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኛን ይጨምራል፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። «ጡረታ» እና «መጦሪያ» የአንድ ግስ ልጆች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ሆኖም ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና የቀን ሠራተኛው አብዛኛዎቹ ከዚህ አጥር ውጭ ናቸው። አበሉን የሚያገኘውም ቢሆን ገንዘብ እንጂ የሚያነሣው እጅ አያገኝም።

ዛሬ በስፋት የሚታወቀው መጠለያ በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ነው፤ በጥቂት ሰዎች ተጀምሮ አሁን በሺሕ የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይይዛል። የሕዝቡ መዋጮ ያቆመው ይህ ሥራ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይገባውም። ነገር ግን በሩ የተከፈተው ከጎዳና ላይ ለሚነሣ ወገን ነው፤ እንዲያ መሆኑም ትክክል ነው። አንዲት ክፍል፣ ትንሽ ጡረታና ሥራ የምትውል ልጅ ያለቻቸው፣ ነገር ግን ብቻቸውን መነሣት የማይችሉት እናት የሚያንኳኩት በር ግን የለም። በከተማው ብቅ ብቅ የሚሉት የግል ቤቶች ክፍያም ከእኚህ እናት አበል ጋር አይተዋወቅም። ይህ ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም። የሕዝብ ማኅበራት ካልያዙት፣ በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ እንደታየው፣ እንግዳ የራቀው ሆቴል ይይዘዋል።

ታዲያ በየሠፈሩ ያሉ የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት ከወዲሁ ሊነጋገሩበት የሚገባ ብዙ ነገር አለ። ዕድሩ ከወር መዋጮው ጥቂቱን ለይቶ አልጋ ላይ ለዋለ አባል በሳምንት ሁለት ቀን የሚያጥብና የሚያነሣ ደመወዝተኛ ረዳት ቢቀጥር፣ ብዙ ሰው መጦሪያ ቤት መግባቱ ሳያስፈልገው ይቀራል፤ ለቀብር ብቻ የቆመው ደንብም ይህን እንዳይፈቅድ የሚያግደው ነገር የለም። የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ ወላጁን ለሚያስታምም ሠራተኛ የሚሰጥ ፈቃድ ማንሣት ይችላሉ። ቤት መሠራቱ ግድ በሚሆንበት ሠፈር ደግሞ ቤቱ ትንሽ፣ ምድር ቤትና ከሠፈሩ ያልራቀ ይሁን፤ መሬቱና ሕንፃው ከአገልግሎቱ ተነጥለው የማይሸጡና የማይያዙ መሆናቸው በመመሥረቻው ጽሑፍ ይግባ። የሰዘርን ክሮስ ነዋሪዎች ያጡት ይህችን አንቀጽ ነው።

የአገባቡም ሥርዓት በዚያው ሊወሰን ይችላል። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከልጆቹ በፊት ከአረጋዊው ነው፤ ማኅተሙም የእርሱ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ነው። አእምሮው መፍቀድ የማይችል ከሆነ አንድ ልጅ ብቻውን አይፈርምም። ከሆስፒታል በቀጥታ የሚገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክፍሉ እንዳይከራይበትና ዕቃው እንዳይሸጥበት ይደረግ፤ ቁልፉ ከእርሱ ጋር ይሁን። ሲገባ አልጋውን፣ ጀበናውን፣ መጽሐፉን ወይም መቁጠሪያውን ይዞ ይግባ። የሚያጥበው ሰው ደመወዝ በአባላት ፊት ይነገር። ዕድሩም አባልነቱን አይሰርዝ፤ በወር አንድ ጊዜ ስብሰባው እዚያው ቤት ይሁን።

ለዚህ ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ግን ቆጠራ ነው። የየዕድሩ ጸሐፊ መዝገብ ማን በየትኛው ቀን እንደሞተና ለቤተሰቡ ስንት ብር እንደተከፈለ በትክክል ያሳያል። በዚህ ሳምንት ስንት አባላት ከአልጋ መነሣት እንደተሳናቸው፣ በስንተኛ ፎቅ እንደሚኖሩና ማን እንደሚያነሣቸው የሚያሳይ ገጽ ግን የለውም። ይህን ገጽ ለመክፈት አንድ ደብተርና ሁለት እሑድ ይበቃል፤ በሚቀጥለው የወር ስብሰባ ከመዋጮው ሪፖርት ቀጥሎ ሊነበብ ይችላል።